ክረምቱ ሳይገባ፦ ስለ ከሰል፣ ስለ ቧንቧ፣ ስለ መኪናና ስለ ልጆቻችን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በአገር ቤት ክረምት ማለት ዝናብና ጭቃ ነው። እዚህ ሰሜን አሜሪካ ግን ክረምቱ የሚሆነው እዚያ በጋ ብለን በምንጠራቸው ወራት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ በዴንቨር፣ በቶሮንቶ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ወገናችን ይህን ያውቃል፤ ወፍራም ካፖርትና ቦት ጫማ ገዝቶ ይጠብቃል። ቤቱና መኪናው ግን ሳይዘጋጁ የመጀመሪያው በረዶ ይደርሳል። በየዓመቱ «ከባድ በረዶ ይጠበቃል፣ ጥንቃቄ አድርጉ» የሚል ዜና በአማርኛ እናነባለን። ጥንቃቄው ምን እንደሆነ፣ በምን ያህል እንደሆነና ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን ብዙም አይገኝም። እኛ አንዳችን የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ፣ አንዳችን የከባድ መኪና ሹፌር ነን። ይህን ደብዳቤ ጥቅምት ሳያልቅ እንድታትሙልን እንለምናለን፤ አብዛኛው ሥራ በረዶው ከወደቀ በኋላ የሚሠራ አይደለምና።

ከሁሉ አስቀድመን ስለ ከሰል እንናገር።

በየካቲት 2013 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2021፣ ቴክሳስን ከባድ ብርድ ሲመታት ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ተቋረጠባቸው። የግዛቲቱ ጤና መሥሪያ ቤት 246 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ብዙዎቹን የገደላቸው ብርዱ ነው። ለመሞቅ ሲሉ ቤት ውስጥ ባነደዱት ከሰል፣ ባስነሱት ጄኔሬተር፣ ከቤታቸው ጋር በተያያዘው ጋራዥ ሞተሩን አስነስተው በተቀመጡበት መኪና የሞቱም አሉ። በሂዩስተን በዚህ መንገድ ካለፉት ውስጥ የአገራችን ልጆች ነበሩበት።

እኛ እንዲህ ያለውን ሞት «ታፍነው ሞቱ» እንላለን። ይህ አነጋገር ራሱ ያሳስታል። መታፈን ሲባል ጭስ፣ ሳል፣ የዓይን ማልቀስ ይታሰበናል፤ ጭስ ከሌለ አደጋ የለም ብለን እንተኛለን። ከከሰልና ከሞተር የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም። ደማችን ኦክስጅንን ከሚይዝበት ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል እሱን ይይዛል፤ ሰው በደንብ እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ኦክስጅን ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መዛል ይመጣል። ጉንፋን ይመስላል፤ ትኩሳት ግን የለውም። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመውና ውጭ ሲወጣ ከተሻለው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። የተኛ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ምልክት ሳይሰማው ሊያልፍ ይችላል።

የቡናውን ሥርዓት አስቡት። አቦሉ ሲፈላ ከሰሉ ገና እየተያያዘ ስለሆነ ትንሽ ይጨሳል፤ ሰውም መስኮት ይከፍታል። በረካው ሲቀዳ ፍሙ አመድ ለብሶ ጸጥ ብሏል፤ ቤቱን የሞላው ሽታም የእጣን ብቻ ነው። መስኮቱ የሚዘጋው፣ ማንደጃውም «ክፍሉን ያሙቅልን» ተብሎ ወደ መኝታ ቤት የሚወሰደው በዚያን ሰዓት ነው። አመድ የለበሰ ፍም አየር እያጠረው ስለሚነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን ለሰዓታት ይቀጥላል። በአገር ቤት በበሩ ስንጥቅና በጣሪያው ክፍተት አየር እየገባም እንኳ ሰው በከሰል ይሞታል። እዚህ ቤቱ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ ድፍን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በዚያ ላይ ኅዳር ሲገባ መስኮቱን በፕላስቲክ እንለጥፈዋለን።

ስለዚህ ከሰል ቤት ውስጥ፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥም አይነድ፤ የጋራዡ በር ቢከፈትም ያው ነው። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይጣድ። የጋዝ ኦቨን ከፍቶ ቤት ማሞቅም አንድ ዓይነት አደጋ አለው። ጄኔሬተር ያለው ሰው ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ አርቆ፣ ጭሱን ከመስኮትና ከበር አዙሮ ያስነሳው።

የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም በየፎቁና ከመኝታ ክፍሎች ደጃፍ ይኑር። ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚሠራ ከሆነ መጠባበቂያ ባትሪ ያለውን ግዙ፤ መብራት ሲጠፋ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። ጀርባው ላይ የተሠራበት ዓመት ተጽፏል፤ እንደየሥሪቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው። በየደቂቃው ገደማ አንዴ «ጢጥ» ካለ ባትሪው አልቋል ወይም ዕድሜው አብቅቷል ማለት ነው፤ ድምፁ ሰለቸን ብሎ ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት በየቤቱ የሚታይ ስሕተት ነው። 4 ጊዜ ጮሆ፣ አረፍ ብሎ፣ እንደገና 4 ጊዜ ከጮኸ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ አግኝቷል። የጭስ አላርም የሚጮኸው 3 ጊዜ እየደጋገመ ነው። በ4ቱ ጩኸት ጊዜ መስኮት ልክፈት፣ ምንጩን ልፈልግ ማለት አይገባም። ሁሉም ሰው ይውጣ፣ ውጭ ላይ ተቆጠሩ፣ ከዚያ 911 ደውሉ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለክተው ግቡ እስኪሏችሁ ድረስ አትመለሱ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው መጀመሪያ አድራሻውን ተናግሮ «አምሃሪክ» ይበል፤ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኙታል።

የጋዝ ፈርነሱን፣ ማለትም ቤቱን የሚያሞቀውን ምድጃ፣ ባለሙያ በዓመት አንዴ፣ ቢቻል በመስከረም ይየው። ማጣሪያውን በየ1 እስከ 3 ወሩ ቀይሩ፤ ማጣሪያው ከተደፈነ አየር ስለማያልፍ ፈርነሱ ከመጠን በላይ ይግልና ራሱን ያጠፋል። በብርድ ሌሊት «ፈርነሱ ተበላሸ» ተብሎ ጠጋኝ ሲጠራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአቧራ የተለበደ ማጣሪያ ነው። አዳዲሶቹ ፈርነሶች ጭሳቸውን የሚያወጡት በጎን ግድግዳ በኩል ብቅ ባለ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ቱቦው ከመሬት ብዙም ከፍ ስለማይል ነፋስ የከመረው በረዶ ይቀብረዋል። ያኔ ፈርነሱ ይጠፋል፤ ሲብስም ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። ዛሬውኑ ዞራችሁ ቱቦው የት እንዳለ እዩ፤ በረዶ በጣለ ቁጥር ዙሪያውን 3 ጫማ ጥረጉ።

ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 1,500 ዋት ነው፤ በዚህ አገር 120 ቮልት ላይ ብቻውን 12.5 አምፔር ይስባል። የእንጀራ ምጣዱም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁለቱ ባንድ መስመር ከዋሉ 25 አምፔር ገደማ ይሆናሉ፤ ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው የመስመሩ ብሬከር ግን 15 ወይም 20 ነው። ስለዚህ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ብሬከሩ ቢወርድ ሥራውን እየሠራ ነው። በትልቅ ብሬከር አስቀይረው «ተገላገልን» የሚሉ ሰዎች ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ለእሳት ማጋለጣቸውን ይወቁት። ማሞቂያው በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰካ እንጂ በማራዘሚያ ገመድ አይሁን፤ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ 3 ጫማ ይራቅ፤ ሲተኛ ይጥፋ። መብራት ሲሄድ በሻማና በጧፍ ፋንታ የእጅ ባትሪ ተጠቀሙ።

ወደ ቧንቧ እንለፍ። ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ቧንቧው ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው በረዶ በሠራበት ቦታ ሳይሆን በበረዶውና በተዘጋው የቧንቧ አፍ መካከል የታጨቀው ውኃ መሄጃ ሲያጣ ነው። ቧንቧውን ጠብ ጠብ እንዲል መክፈት የሚረዳውም ለዚህ ነው፤ ግፊቱ መውጫ ያገኛል። ውጭው ወደ 20 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 7፣ ሊወርድ ሲል ከውጭ ግድግዳ ጋር የሚዋሰኑትን የሙቅም የቀዝቃዛም ቧንቧዎች ሌሊቱን አስንጠባጥቡ። የወጥ ቤቱን ገንዳ ታችኛ ቁምሳጥን በሮች ከፍታችሁ እደሩ፤ የክፍሉ ሙቀት ቧንቧውን ያገኘዋል። ሕፃን ካለ እዚያ ያለውን የጽዳት ኬሚካል አንሱ።

የአትክልት ማጠጫውን ጎማ በጥቅምት ከውጭው ቧንቧ ፍቱት። የውጭ ቧንቧዎች ብርድ እንዲችሉ ተደርገው ቢሠሩም ጎማው እንደተገጠመ ከቀረ ውኃው ውስጥ ታግዶ ይቀራል፤ ቧንቧው ግድግዳው ውስጥ ይሰነጠቅና ጉዳቱ የሚታወቀው በሚያዝያ ጎማው ተገጥሞ ሲከፈት፣ ቤዝመንቱ ውኃ ሲሞላ ነው።

ቧንቧው በረዶ ከሠራ የቧንቧውን አፍ ክፈቱ፤ በፀጉር ማድረቂያ ከአፉ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እያላችሁ አሙቁት። ከመሀል ከተጀመረ የቀለጠው ውኃ በሁለት በረዶ መካከል ይጠመዳል። እሳት በፍጹም አታስጠጉ። ዋናው የውኃ መዝጊያ የት እንዳለ ልጆቹ ሳይቀሩ ይወቁት፤ ብዙ ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ ቆጣሪው አጠገብ ነው። እጀታው ዘንግ ከሆነ ቧንቧውን አቋርጦ እስኪቆም ሩብ ዙር ይዞራል፤ ክብ ከሆነ ወደ ቀኝ እስኪያቆም ይጠመዘዛል። ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ የጥገናውን የሌሊት ስልክ ከአከራዩ አሁን ተቀበሉ።

ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የምትሄዱ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። የምትሄዱት እዚህ ብርዱ በሚያይልበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ማሞቂያውን አጥፍቶ መሄድ ብዙ ሺህ ዶላር ያስወጣል። ቴርሞስታቱን ከ55 ዲግሪ ፋራናይት አታውርዱት፤ ዋናውን ውኃ ዝጉና ቧንቧዎቹን ከፍታችሁ አንጠፍጥፉ። ቤቱ በሙቅ ውኃ ራዲያተር የሚሞቅ ከሆነ ግን ከመዝጋታችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ። ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥታችሁ በየጥቂት ቀኑ ቤቱን አሳዩ። ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች ባዶ ቤት ማሞቂያው ጠፍቶ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም።

መኪናን በተመለከተ ከባትሪው እንጀምር። በ0 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 18፣ ባትሪ ከግማሽ በላይ ኃይሉን ያጣል፤ የሞተሩ ዘይት ደግሞ ይወፍርና ለማስነሳት ከወትሮው የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። 3 ዓመት ያለፈው ባትሪ በጥቅምት ይለካ፤ ብዙ የመለዋወጫ ሱቆች በነፃ ይለኩታል። ከሌላ መኪና ኃይል መዋስ ሲያስፈልግ ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ ቀዩ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላው የቀዩ ጫፍ ከደህናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከደህናው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻው ጥቁር ጫፍ ባትሪው በሞተበት መኪና ሞተር ላይ ካለ ያልተቀባ ብረት፣ ከባትሪው ራቅ አድርጎ። ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ የመጨረሻው ግንኙነት ብልጭ ስለሚል ከባትሪው አጠገብ ከሆነ ሊፈነዳ ይችላል። ጎኑ ያበጠ ወይም ውስጡ በረዶ የሠራ ባትሪ ላይ ገመድ አታድርጉ።

ከደቡብ ግዛቶች የመጣ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ኩላንቱን፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ፣ ያስለካ። ራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውኃ ካለ በመጀመሪያው ብርድ ሞተሩን ይሰነጥቀዋል። አንቲፍሪዝና የተጣራ ውኃ እኩል በእኩል ሲቀላቀል ከዜሮ በታች እስከ 34 ፋራናይት ይችላል። የመስታወት ማጠቢያውም እንዲሁ ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት የሚችለው ይሁን፤ የበጋው ዓይነት መስታወቱ ላይ እንደተረጨ በረዶ ሠርቶ በሀይዌይ ላይ ዓይን ያሳጣል። የጎማ ነፋስ በየ10 ዲግሪ ፋራናይቱ በ1 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ግፊት መለኪያ) ገደማ ይወርዳል፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩት። ከ45 ዲግሪ ፋራናይት በታች ተራው ጎማ ይደርቃል፤ የክረምት ጎማ ለስላሳ ሆኖ መንገዱን ይይዛል። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ያለው ሰው ይህን ለእኔ አይደለም እንዳይል፤ አራቱም መንዳታቸው ለመነሳት ይረዳል፣ ለማቆም ግን አይረዳም። በናፍጣ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ናፍጣው እንዳይረጋ የሚጨመረውን ኬሚካል ብርዱ ሳይደርስ ጨምሩ፤ ከረጋ በኋላ መጨመር ብዙም አይጠቅምም።

ድልድይ ከመንገዱ ቀድሞ በረዶ ይሠራል፤ ቀዝቃዛው አየር ከላይም ከታችም ያገኘዋልና። ድልድዩ ላይ ሳይሆን ድልድዩ ሳይደርስ ፍጥነት ቀንሱ። ኤ.ቢ.ኤስ. (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን) ያለው መኪና ሲንሸራተት ፍሬኑን ረግጦ መያዝ ነው፤ እግር ሥር የሚሰማው መንቀጥቀጥ ሥራው ነው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 መጀመሪያ በቨርጂኒያ አይ-95 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ በፍሬድሪክስበርግ አካባቢ መኪናዎች በበረዶ ከአንድ ቀን በላይ ቆመዋል። ሴናተር ቲም ኬን ራሳቸው ዋሽንግተን ለመድረስ 27 ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። እንዲህ ያለው ነገር ሚኒሶታ ውስጥ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ አካባቢ ከ40 በላይ ሰው ሲሞት መኪናቸው ውስጥ የተገኙም ነበሩ። ነዳጁ ከግማሽ አይውረድ። መኪናው ውስጥ አካፋ፣ አሸዋ፣ ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ የስልክ ቻርጀር ይኑር። ለስንቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በጣም ይሆናሉ፤ አይበላሹም፣ በረዶ አይሠሩም፣ ያጠግባሉ።

መኪናው ከተያዘ ከውስጡ አትውጡ፤ ነጭ በነጭ በሆነ ነፋስ ውስጥ ሰው በ20 እርምጃ መንገድ ይጠፋበታል። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት በማርሚታው ጫፍ ዙሪያ ያለውን በረዶ በእጅም ቢሆን ጥረጉ። ይህን መርሳት ያንኑ የከሰሉን ጋዝ ወደ መኪናው ያስገባል። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሱ፤ ነፋስ በማይመታው በኩል መስታወቱን ጣት በሚያህል ክፈቱ። ደማቅ ጨርቅ አንቴናው ወይም በሩ ላይ እሰሩ።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ደጋግመን እንላለን። ሕፃኑን ወፍራም ካፖርት እንደለበሰ የመኪና ወንበሩ ላይ አትሰሩት። በግጭት ጊዜ የካፖርቱ ጥጥ ይጨመቅና ቀበቶው ይላላል፤ ልጁ ከመካከል ሊወረወር ይችላል። ቀጭን ሹራብ አልብሳችሁ እሰሩት፤ በትከሻው ላይ ያለውን ቀበቶ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክሩ፣ ከተቆነጠጠ ላልቷል። ከዚያ ጋቢውን ከላይ ጣል አድርጉለት፤ ጋቢ እዚህ ቦታ ላይ ከማንኛውም ካፖርት ይሻላል። ውጭ ለሚቆም ሰው ግን ጋቢና ነጠላ አይበቃም፤ ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይዝም። ከሥር ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ይለበስ፤ ነጠላው ከዚያ በላይ ይደረብ።

በ0 ዲግሪ ፋራናይት በሰዓት 15 ማይል የሚነፍስ ነፋስ ካለ ሰውነት የሚሰማው ከዜሮ በታች 19 ነው፤ የተጋለጠ ቆዳ በ30 ደቂቃ ይጎዳል። የገና ሌሊትና የጥምቀት ሥርዓት የሚውሉት በዚህ ብርድ ነው። ነጥቶ የደነዘዘ ጣት ወይም ጆሮ አይታሽ፣ በረዶም አይደረግበት፤ ከ99 እስከ 104 ዲግሪ ፋራናይት በሚሆን ለብ ያለ ውኃ ይነከር፣ ሐኪምም ይየው። ሰው መንቀጥቀጥ ካቆመ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ግራ ከተጋባ 911 ጥሩ። ስኳር ያለባቸው እናቶችና አባቶች በነቢያት ጾም ስኳራቸው ወርዶ ብርድ ላይ ከቆሙ ሰውነታቸው ተንቀጥቅጦ ሙቀት ማመንጨት ያቅተዋል፤ ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን አስቀድመው ያማክሩ። የልብ ሕመም ያለበት ሰው በረዶ አይዛቅ። ደጃፍ ላይ የሚበተነው ተራ ጨው ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በታች ብዙም አያቀልጥም፤ ከዚያ በታች ካልሲየም ክሎራይድ ግዙ፣ ካልተገኘም አሸዋ በትኑ።

የማሞቂያ ክፍያ ከአቅም በላይ የሆነባችሁ ሳይቆረጥባችሁ ደውሉ። በሚኒሶታ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 የሚጸና ከመቆረጥ የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ የሚሠራው ግን ከድርጅቱ ጋር የአከፋፈል ስምምነት ላደረገ ሰው ነው። በሌሎች ግዛቶች ያላችሁ የእርዳታ መረጃ ወደሚሰጠው 211 ደውላችሁ የማሞቂያ ድጎማ ጠይቁ።

ክቡራን አዘጋጆች፣ ልመናችን ይህ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ አሳጥራችሁ፣ ተቆርጦ ማቀዝቀዣው በር ላይ እንዲለጠፍ አድርጋችሁ በየዓመቱ በጥቅምት አትሙልን፤ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶችም አባዝተው እንዲያድሉት ፍቀዱ። በገጹ አናት ላይ፣ መነጽር የሌላቸው አዛውንቶች እንዲያነቡት በትልቅ ፊደል፣ አላርሙ 4 ጊዜ ሲጮህ የሚደረገው ይሁን፦ ሁሉም ይውጣ፤ ውጭ ተቆጠሩ፤ 911፤ አድራሻ፤ «አምሃሪክ»።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ማሞቂያ ጠጋኝና የከባድ መኪና ሹፌር
ከሚኒያፖሊስ